ባለሁለት ሞተር የጎርጎራ ጀልባ፦ አሮጌውን ጥንድ በየትኛው የቤንዚን ሞተር እንተካው?

ይህ ግምገማ አንድ ዓይነት ጀልባን ይመለከታል፦ ሰባት ሜትር ገደማ የሚረዝም የፋይበር ጀልባ፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ካለችው ጎርጎራ ተነስቶ ወደ ማንዳባ፣ ገሊላና ብርጊዳ ገዳማት የሚመላለስ፣ ከኋላው ሁለት ያረጁ ባለ40 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልባቸው) ሞተሮች የተንጠለጠሉበት። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የሚኖረው ጎንደር ነው፤ ሞተሩን የሚያፈላልገውም፣ ከሜካኒክ ጋር የሚጨቃጨቀውም እዚያው ነው። ሐይቁ ደግሞ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ቁጭ ብሏል። ከዚህ ርቀት የሚመጣ ጣጣ አለ፤ እንደርስበታለን።

ለንጽጽር የያዝነው ሦስት ሞተር ነው። አንደኛው ያማሃ ኢንዱሮ 40 ነው፤ ባለሁለት ሲሊንደር፣ 703 ሲሲ፣ ካርቡራተር ያለው ቱ ስትሮክ፣ አፍሪካ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚያውቀው። ሁለተኛው ያማሃ ኤፍ40፣ ባለሦስት ሲሊንደር፣ 747 ሲሲ፣ ቤንዚኑን በኢንጀክሽን የሚረጭ ፎር ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀል)። ሦስተኛው ሱዙኪ ዲኤፍ40ኤ፣ እሱም ባለሦስት ሲሊንደር ኢንጀክሽን፣ ግን 941 ሲሲ።

ፍርዱን ቀድመን እንናገር። ሞተሮቹ የሚንጠለጠሉበት የጀልባው የኋላ ግድግዳ ጤነኛ ከሆነና ባለቤቱ ለነዳጅ ማጣሪያ የማይሰስት ከሆነ ሱዙኪው ይሻላል። ግድግዳው አጠራጣሪ ከሆነ፣ ወይም ቤንዚን ከየትም እየተቃረመ የሚሠራ ጀልባ ከሆነ፣ ኢንዱሮውን መልሶ መግጠም ነውር የለውም። ኤፍ40 ጥሩ ሞተር ነው፤ ነገር ግን ለጣና ከፍታ ሱዙኪው የሚሰጠውን ትርፍ አይሰጥም። ዋጋ አንጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዛሬ የተጻፈ የሞተር ዋጋ ለወር አይቆይም።

ከከፍታው እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። አየር በራሱ የሚስብ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ይጥላል። ሲደመር 17 ወይም 18 በመቶ ነው። ክዳኑ ላይ 40 የተጻፈበት ሞተር ጎርጎራ ላይ 33 ነው ማለት ነው። «ኢንጀክሽን ከፍታን ያስተካክላል» የሚሉ ሻጮች ግማሹን ነው የሚናገሩት። ኢንጀክሽን የሚያስተካክለው የቤንዚኑን መጠን ነው፤ አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ ሞተሩ አያጨስም፣ ካንዴላው አይጠቁርም። የጎደለውን አየር ግን ከየትም አያመጣም። ካርቡራተር ያለው ኢንዱሮ ይህን ቅነሳ እንኳን በራሱ አያውቅም፤ ከፋብሪካ በመጣበት ጄት (ቤንዚኑን መጥኖ በሚያሳልፈው ቀዳዳ) ከተነዳ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ በዝግታ ሲሄድ ይንተፋተፋል። መድኃኒቱ ጠበብ ያለ ዋና ጄት መግጠም ነው። ሥራውን የሚያውቀውን ሜካኒክ ከማያውቀው መለያ አንዱ መንገድም ይህ ነው፦ «ለጣና ጄቱን ትቀይረዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። «አያስፈልግም» ካለ አመስግነው ይሂዱ።

አሮጌዎቹም ሞተሮች እዚያው ከፍታ ላይ ስለነበሩ 40ን በ40 መተካት እኩል ልውውጥ ይመስላል። እኩል አይደለም። ቱ ስትሮክ ቀለል ያለ ነው፣ ጋዝ ሲሰጡት ወዲያው ይነሳል። ፎር ስትሮኩ ክብደት ይጨምራል፣ ጀልባውን ከውሃው ላይ አንስቶ ለማስሮጥም ትንሽ ያቅማማል። ሱዙኪው እዚህ ላይ ነው የሚበልጠው። የሲሲው ትልቅነት አንድ ነገር ነው፤ የማርሹ ሬሾ (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንቴ እንደሚዞር) ሌላ ነገር ነው። የሱዙኪው 2.27 ለ1፣ የያማሃው 2.00 ለ1 ነው፤ ስለዚህ ሱዙኪው ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ለማዞር አቅም አለው፣ ሙሉ ሰው ተጭኖ ማዕበል ሲገጥም የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ዲኤፍ40ኤ፣ ዲኤፍ50ኤ እና ዲኤፍ60ኤ ሦስቱም በዚያው በ941 ሲሲ ብሎክ የተሠሩ ናቸው፤ ክብደታቸውም ያው 104 ኪሎ ነው። ስለዚህ የጀልባው አምራች የፈቀደው ጣሪያ ካልተላለፈ፣ ባለ50ውን መግዛት አንድ ኪሎ ሳይጨምሩ ጎርጎራ ላይ 41 ፈረስ ጉልበት ማግኘት ነው። ይህ ለጣና ሰው ከሁሉ የተሻለ ግዢ ነው እንላለን። በያማሃ በኩል ኤፍ60 የተለየ ብሎክ ነው፤ ባለአራት ሲሊንደር ነው፣ ይከብዳልም። ጥገናን በተመለከተ የሱዙኪው ታይሚንግ በዘይት ውስጥ የሚዞር ሰንሰለት ነው፣ የያማሃው ቺንጊያ ነው። ቺንጊያ መጥፎ አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ መቀየር አለበት፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ገበያ ላይ መገኘት አለበት። የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ፕሮፔለር። በካርቶን ውስጥ የሚመጣው ወይም ሻጩ «ስታንዳርድ ነው» ብሎ የሚሰጠው ለባሕር ጠለል የተመረጠ ነው። ሁለቱም ባለ40 ፎር ስትሮኮች ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲከፈት በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ማግኘት አለባቸው፤ ኢንዱሮው ከ4,500 እስከ 5,500። ጣና ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ በስታንዳርዱ ፕሮፔለር 4,700 ላይ የሚቆም ፎር ስትሮክ በዝቅተኛ ማርሽ መውጣት ያለበትን ዳገት በአራተኛ እንደሚወጣ አይሱዙ ነው፤ ይሄዳል፣ ግን እየታመመ ነው የሚሄደው። ሲሊንደሩ ከመጠን በላይ ይጫናል፣ ይሞቃል፣ ካርቦን ይሠራል። መላው ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋውን ርቀት) ዝቅ ማድረግ ነው። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። 13 ኢንች ላይ 4,900 ያገኘ ሞተር በ11 ኢንች 5,200 ወይም 5,300 ላይ ይገባል። የፎር ስትሮኩ ዒላማ የክልሉ የላይኛው ግማሽ ነው፣ 5,500 አካባቢ፣ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጦ፣ ታንኩ ሞልቶ። ባዶ ጀልባ ላይ የተለካ ዙር ለማንም አይጠቅምም።

ብረቱ አሉሚኒየም ይሁን። የጎርጎራ ዳርቻ በግንቦትና በሰኔ ውሃው ሲወርድ ድንጋዩ ይቀርባል፤ አሉሚኒየሙ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል፣ ካምቢዮው ግን ይተርፋል። የማይዝገው ብረት አይታጠፍም፤ ምቱን ወደ ውስጥ ወደ ጥርሶቹ ያሳልፈዋል። በጀልባው ውስጥ አንድ መለዋወጫ ፕሮፔለር፣ ዳዶው፣ ራንዴላውና ጥቂት ኮፒሊያ ሁልጊዜ ይኑሩ። በዚህ መጠን ያሉ ሞተሮች ሁለቱም ወደ ቀኝ ነው የሚያዞሩት፤ አንዱን ወደ ግራ የሚያዞር ሥሪት የሚመጣው በትልልቆቹ ነው። ስለዚህ መሪው በትንሹ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ በማዞር ይስተካከላል፤ ሁለቱንም በእኩል ማዞር ነው።

ገንዘቡ ሳይከፈል፣ ሞተሩ ከካርቶን ሳይወጣ መታየት ያለበት ግን የጀልባው የኋላ ግድግዳ ነው። ከሚከሽፉት ሥራዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሚከሽፉት። ኢንዱሮው ከ70 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ ኤፍ40 98 ኪሎ ያህል፣ ሱዙኪው 104። ጥንድ ሲሆን ከሃምሳ እስከ ስልሳ አምስት ኪሎ ያህል ጭማሪ በጀልባው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንድ ተሳፋሪ ከሞተሮቹ በስተኋላ በቋሚነት ተቀምጧል ብሎ ማሰብ ነው። ግድግዳው ከውጭና ከውስጥ ፋይበር፣ መሃሉ ኮምፔርሳቶ ነው። የድሮ ብሎን ቀዳዳዎች ለዓመታት ውሃ ሲያስገቡ ፋይበሩ ያብረቀርቃል፣ መሃሉ ግን በስብሷል። አሮጌዎቹን ሞተሮች ሳያወርዱ በፊት አንዱን ከእግሩ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ፤ ግድግዳው ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚተነፍስ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። ካላሳመነ በመዶሻ እጀታ ከላይ እስከ ታች ማንኳኳት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የበሰበሰው ዱብ ይላል። የመጨረሻው ማረጋገጫ መሰርሰሪያ ነው፦ ከውስጥ በኩል ታችኛው ክፍል ላይ በ5 ሚሊሜትር ጫፍ ኮምፔርሳቶው እስኪደረስ መብሳት፣ የወጣውን ብናኝ መዳፍ ላይ ማየት። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ቀዳዳውን በኢፖክሲ ደፍኖ መቀጠል ነው። ቡናማ ሆኖ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ግድግዳው ይቀየራል፤ ሌላ ውይይት የለም።

መቀየሩ ጎንደር ላይ ይሠራል፣ የፋይበር ሠራተኛም አለ፣ ግን ሦስት ነገር ላይ ቆሞ ማየት ይገባል። እንጨቱ ውሃ በሚችል ሙጫ የተጣበቀ ኮምፔርሳቶ መሆን አለበት፤ ባለ18 ሚሊሜትር ሁለቱን አንድ ላይ ማጣበቅ የተለመደው ነው። ቺፑድ ከገባበት በአንድ ክረምት ያብጣል። ሁለተኛ፣ አሮጌው እንጨት ከወጣ በኋላ ውስጡ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ እርጥብ ፋይበር ላይ የተቀባ ሬዚን አይዝም። ሦስተኛ፣ አዲሶቹ ቀዳዳዎች ከተበሱ በኋላ የእንጨቱ ጠርዝ በኢፖክሲ ይቀባ፣ ብሎኑ በጀልባ ማሸጊያ ይታሸግ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ከውሃ መስመር በታች አይቆይም። ይህን ሲሊኮን በአዲስ ሞተር ሥር ያየ ሰው የቀረውን ሥራ ሁሉ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የብሎን ቀዳዳው ልኬት በአሁኑ ጊዜ በአምራቾች ዘንድ አንድ ነው፦ ላይኛዎቹ መሃል ለመሃል 327 ሚሊሜትር፣ ታችኛዎቹ 251 ሚሊሜትር። አሮጌ ሞተሮች ላይ ግን ላይገጥም ይችላል፤ የማይገጥመው ቀዳዳ ተደፍኖ አዲስ ይበሳል እንጂ ሞላላ ተደርጎ አይሰፋም። የሞተሩ እግር ርዝመት በጀልባው ይወሰናል፤ ግድግዳው 38 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አጭሩ፣ 51 ከሆነ ረጅሙ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። በጣም ከወረደ ጀልባው ይከብዳል፤ ከወጣ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም። በሁለቱ ሞተሮች መሃል 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተው፣ መሃል ለመሃል። ከዚያ አንዱን አንስቶ ሌላውን አውርዶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር፤ ክዳን ከክዳን ከተነካካ አሁኑኑ ማስተካከል ነው፣ ማዕበል ላይ አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ሲጠብቅ የሞተሮቹ ርቀት ከፊትም ከኋላም እኩል ሆኖ ይለካ። የድሮውን የመሪና የጋዝ ኬብል መልሶ መጠቀም ቁጠባ አይደለም። የዛገ ኬብል የአዲስ ሞተር ማርሽ ግማሽ ላይ ያስቀራል፣ ግማሽ ላይ የገባ ማርሽ ደግሞ ጥርሱን ይበላል።

ክብደቱን ለማመጣጠን ባትሪዎቹን ከኋላ አንስቶ ወደ መሃል ማምጣት ግድ ነው። ገመዱ ስለሚረዝም ወፈር ያለ ይሁን። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ባትሪ።

ነዳጅ ላይ ደግሞ ቆም እንበል። ሁለት ሞተር የሚገጠመው አንዱ ቢቆም ሌላው ሰው ይዞ እንዲመለስ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ከአንድ ታንክ፣ በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ማጣሪያ የሚጠጡ ከሆነ፣ ውሃ የገባበት ቤንዚን ሁለቱንም በደቂቃዎች ልዩነት ያቆማቸዋል። ሁለት ሞተር ያለው ጀልባ ነው የሚመስለው እንጂ አንድ ነው ያለው። የአሮጌ ጀልባዎች ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ አዲስ ሞተር የሚገጥመው ሰው ያንኑ ያስተካክላል እንጂ አብሮ አይሸከመውም። ለእያንዳንዱ ውሃ የሚለይ ባለ10 ማይክሮን ማጣሪያ፣ የየራሱ መሳቢያ ቱቦ፣ የሚቻል ከሆነ የየራሱ ታንክ። ማጣሪያው ሥሩ ላይ የሚያሳይ ብርጭቆ ካለው ይመረጣል፤ ውሃው ከታች ተለይቶ ይታያል። በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ፓምፕ ቀስቱ ወደ ሞተሩ፣ ሲጨመቅ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይያዝ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ኢንጀክሽን ስለሆነ ነው። ኢንዱሮው ቆሻሻ ቤንዚን ቢጠጣ ካርቡራተሩ በአንድ ቁልፍና በአንድ ጠመንጃ መፍቻ ተፈትቶ ዳር ላይ ይታጠባል። ኢንጀክተር ዳር ላይ አይታጠብም። በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት፣ ውሃም ሊገባበት ይችላል፤ ፎር ስትሮኩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነጭ ብርጭቆ ቆሞ መታየት አለበት። ማደያ ቤንዚን በሚጠፋበት ወር እየተቃረመ መሥራት ግዴታው የሆነ ሰው ይህን አስቦ ይምረጥ። ኢንዱሮን እንደ አማራጭ ያቆየነውም ለዚህ ሰው ነው።

ከቱ ስትሮክ ወደ ፎር ስትሮክ የሚያልፍ ጀልባ ታንኩ መታጠብ አለበት። በሥሩ የቀረው ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን አዲሱን ሞተር ያጨሰዋል፣ ካንዴላውን ያቆሽሻል። ተቃራኒው ግን የከፋ ነው፦ አንድ ወደብ ላይ ሁለቱም ዓይነት ጀልባ ካለ፣ ንጹሕ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን በስህተት ቱ ስትሮኩ ውስጥ ከገባ ዘይት ያጣው ፒስተን ጉዞው ሳያልቅ ይነክሳል። ጀሪካኑን በቀለም መለየት ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ኢንዱሮ ለሚገጥም ሰው ድብልቁ 50 ለ1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊሊትር ዘይት። በመፍቻው ጊዜ (አዲሱ ሞተር ቀስ እያለ በሚለማመድባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት) ደግሞ እጥፍ፣ 800 ሚሊሊትር። ዘይቱ ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል ምልክት ያለው የጀልባ ዘይት መሆን አለበት። የባጃጅ ቱ ስትሮክ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝና በጣም ለሚሞቅ ሞተር የተሠራ ነው፤ በሐይቅ ውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ አመድ ይተዋል፣ ካንዴላ ላይ ድልድይ ይሠራል፣ የፒስተን ቀለበት ያጣብቃል። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው።

ስለ ፍጆታ ሻጮች የሚያወሩት ለአንድ ጊዜ እውነት ነው። ካርቡራተር ያለው ቱ ስትሮክ ከሚጠጣው ቤንዚን ከ20 እስከ 30 በመቶውን ሳያቃጥል በጭስ ማውጫ ይተፋል። ባለ40ው ጋዙ ሙሉ ሲከፈት በባሕር ጠለል በሰዓት ከ18 እስከ 20 ሊትር ሲጠጣ፣ ፎር ስትሮኩ ከ12 እስከ 15 ይበቃዋል፤ ጣና ላይ ሁለቱም እንደ ጉልበታቸው ይቀንሳሉ፣ ልዩነቱ ግን ይቆያል። ጥንድ ሲሆን፣ በቀን ሦስት አራት ሰዓት ለሚሠራ ጀልባ፣ ትርፉ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። የተተፋው ቤንዚንና ዘይት የሚገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በተመዘገበ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ያው የምንጠጣው፣ ዓሣ የምናወጣበት።

ያገለገለ ሞተር ለሚያስብ ሰው ስለ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ አንድ ነገር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ለማለት ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ያንሳል። መጽሐፉ 120 የሚለው ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ ከ90 ትንሽ በላይ ቢያነብ ጤነኛ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ጥሩ ሞተር ይመልሳል፤ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ የሞተውን «ከፍታ ነው» ብሎ ይሸጣል። ከፍታ ሁሉንም ሲሊንደር እኩል ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ የሚታየው ልዩነቱ ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከአሥር በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ከፍታ አይደለም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ያገለገለ ሞተር ጨው ውሃ ውስጥ የኖረ ነው። ቴርሞስታቱን አስፈትቶ ማየት ይገባል፤ ነጭ ድቃቂና የተበላ አሉሚኒየም ካለ፣ ከውጭ የተቀባው ቀለም ምንም ያህል ቢያምር ይለፉት። ከጥንዱ አንዱን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ማቆየት ደግሞ አንመክርም። ዙራቸውም፣ ክብደታቸውም፣ አነሳሳቸውም አይገጥምም፤ አዲሱ የአሮጌውን ሥራ ሲሸከም ይኖራል።

የመኪና ሞተር ጀልባው ሆድ ውስጥ ለመግጠም የሚያስቡም አይጠፉም። የጀልባ ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታ እንዳያወጣ ተሸፍኖ ነው የሚሠራው፤ የመኪናው አይደለም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባው ሥር ይተኛል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። አይሞከርም።

ወደ አገልግሎቱ እንምጣ። ጎንደር ከተማ ውስጥ የቤንዚን ሞተር የሚያውቅ ጥሩ ሜካኒክ አለ፤ የጀልባ ሞተር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፣ ልዩነቱም በርክክብ ላይ ይታያል። የተለመደው ርክክብ የሞተሩን እግር በ200 ሊትር በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ ማስነሳት፣ ሁለት ጊዜ ጋዝ መስጠት፣ ከዚያ «እነሆ» ማለት ነው። በርሜል የሚያሳየው ሞተሩ መነሳቱን ብቻ ነው። ጭነት የለውም፤ የፕሮፔለሩን ስህተት፣ የነዳጅ ቱቦውን አየር መሳብ፣ የመሪውን መጎተት፣ የሙቀቱን አካሄድ አያሳይም። የመጨረሻው ክፍያ ጎርጎራ ላይ፣ ሙሉ ጭነት ተጭኖ፣ የሁለቱም ሞተር ከፍተኛ ዙር በወረቀት ከተጻፈ በኋላ እንዲሆን ውሉ ላይ ማስገባት ነው። ሜካኒኩ ስልሳ ኪሎ ሜትር አልሄድም ካለ ዋጋው ይቀነስና ጎርጎራ የሚሄድ ይፈለግ። በሁለቱ ሞተሮች ዙር መካከል ከ100 በላይ ልዩነት ካለ ምክንያቱ ይነገር፦ ኬብል እስከ መጨረሻ አልሳበም፣ ፕሮፔለሩ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ወይም አንደኛው ቤንዚን አያገኝም።

መፍቻው አሥር ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሰዓት 2,000 ዙር አካባቢ፣ ሁለተኛው 3,000፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጋዙ ሙሉ ቢከፈትም ከአምስት ደቂቃ አይዝለል፤ ዙሩም አንድ ቦታ አይተኛ፣ ይለዋወጥ። ሃያ ሰዓት ሲሞላ የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ይቀየራል። ከዚያ በየመቶ ሰዓቱ። የፎር ስትሮኩ ዘይት 10ደብልዩ-30 ሆኖ ኤፍሲ-ደብልዩ የሚል ምልክት ያለው ይሁን። የካምቢዮ ዘይት ሲወርድ ወተት ከመሰለ ፓራዮሊው (የዘይት ማሸጊያው ጎማ) ውሃ አስገብቷል፤ ከፕሮፔለሩ ጀርባ የዓሣ መረብ ክር ተጠምጥሞ መሆኑን መጀመሪያ ማየት ነው።

ሰሜናዊው ዳርቻ የራሱ ጠላቶች አሉት። መገጭና ድርማ በክረምት የሚያመጡት ደለል ውሃውን ቡናማ ያደርገዋል፤ ያ ደቃቅ አሸዋ የውሃ ፓምፑን ጎማ ይሞርደዋል። ጎማውን እዚህ ከክረምት በኋላ ሁልጊዜ መቀየር ይሻላል፣ ያረጀ ባይመስልም። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ አለ። ሥሩ የውሃ መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ከሞተሩ ኋላ የምትተፋዋ ቀጭን የውሃ ጅረት ከቀጠነች ወይም ሞቅ ካለች ጋዙን መልቀቅ፣ ማርሹን ነጻ ማድረግ፣ ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ማስኬድ፤ አብዛኛው ይረግፋል። ካልረገፈ ሞተሩን አጥፍቶ ማንሳትና በእጅ መንቀል ነው፤ ሌላኛው ሞተር ጀልባውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ማስጠንቀቂያው እየጮኸ «ዳር ልድረስ» ማለት ቴስታታ ያጣምማል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሞተር ማዘዝ በግንቦት፣ ግድግዳውን መክፈትና ማድረቅ ዝናቡ ሳይጠና፣ መግጠሙ በነሐሴ ቢሆን፣ መፍቻው ውሃው ከፍ በሚልበት በመስከረምና በጥቅምት ይውላል። የሃያ ሰዓቱ የዘይት ቅየራ ከኅዳር በፊት ያልቃል። ለጥምቀት ጎንደር በእንግዳ ስትሞላ ፕሮፔለሩ ተመርጦ፣ ዙሩ ተጽፎ፣ መለዋወጫው ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በታኅሣሥ መጨረሻ የሚጀምር ሰው መፍቻውን የሚሠራው ተሳፋሪ ጭኖ ነው።